በሰከንድ 71፦ የዘገየ ሰርቨር በፊዮ የመረመርኩበት ሰኔ

ሰኔ የሒሳብ ሰዎች ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በምሠራበት የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ማንም ለማንም ትዕግሥት የለውም። የእኔ ሥራ ሰርቨሮቹን መጠበቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ በ40 ደቂቃ ይጠናቀቅ የነበረው የማታ ሒሳብ መዝጊያ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ተጓተተ። በማግሥቱም እንደዚያው፤ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ከመዝጊያው በኋላ ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ሥራዎች ስላሉ ሁሉም እየተገፋ ጠዋት ላይ ይደርስና፣ ቅርንጫፎች በር ሲከፍቱ ደንበኛው «ሲስተም የለም» የሚለውን የታወቀ መልስ ይሰማል።

የፋይናንስ ኃላፊዋ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ያልተሟላውን ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ የታመመው ማሽኑ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ማሽኑ ነው» አልኳቸው። ለማስረጃ የማቀርበው ግን አንድም ነገር አልነበረኝም። ያ ማስረጃ በመጨረሻ የተገኘው ፊዮ በምትባል፣ በትዕዛዝ መስመር በምትሠራ የዲስክ መለኪያ ፕሮግራም ነው። እንዴት እንደተገኘና መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ራሴን እንዳሞኘሁ ልንገራችሁ፤ የእኔን ስምንት ቀን ሌላ ሰው ባያባክነው እወዳለሁ። ትዕዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ ግን በአፋችን እንደምንጠራቸው አሰፍራቸዋለሁ። ሥራው ውስጥ ያለ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው እንደ ልማዱ ኔትወርኩ ነበር። እሱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ወደ ዳታቤዙ ዞርን፤ የምንጠቀመው ፖስትግሬስን ነው። ኢንዴክሶቹን አደስን፣ ያረጁ መዝገቦችን አጸዳን፣ ራም (የኮምፒውተሩን ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጨመርንለት። መዝጊያው ንቅንቅ አላለም። ከሁሉ የገረመኝ ፕሮሰሰሩ ሌሊቱን ሥራ ፈትቶ ማደሩ ነበር። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሥራው ካልተራመደ አንድ የሚጠበቅ ነገር አለ ማለት ነው፤ የሚጠበቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲስክ ነው። ሰርቨሩን ለሸጠልን ድርጅት ደወልኩ፤ አንድ ወጣት ባለሙያ ላኩልን።

ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቶ ሰርቨሩ ውስጥ ገባና ዲዲ በሚባለው ትዕዛዝ አንድ ጊጋባይት ዜሮ ወደ ዲስኩ ገለበጠ። በግማሽ ሰከንድ ገደማ አለቀ፤ ስክሪኑ ላይ በሰከንድ 1.9 ጊጋባይት የሚል ውጤት ወጣ። «ጋሼ፣ ዲስካችሁ ምንም አልሆነም፤ ሶፍትዌሩን እዩት» አለኝና ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። አመንኩት። ስምንቱ ቀን ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

ያን ቁጥር ማመን አልነበረብኝም። ሰርቨሩ ውስጥ ያሉት በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚሽከረከሩ አራት ሃርድ ዲስኮች ናቸው፤ ሬይድ 5 በሚባለው፣ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ በሚያደርግ አሠራር የተጣመሩ። እንዲህ ያለ ዲስክ ተከታታይ መረጃ ሲጽፍ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ከሰጠ ደግ ነው። በሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ስሌት ስለሚውል የሦስቱ ድምር ቢበዛ 600 ነው። ታዲያ 1.9 ጊጋባይቱ ከየት መጣ? ከራም ነው የመጣው። የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ጻፍ የተባለውን መረጃ በመጀመሪያ ራም ላይ ይቀበልና «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ዲስኩ የሚወስደው በኋላ፣ በራሱ ጊዜ ነው። ወጣቱ የለካው የሰርቨሩን ራም ነበር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ደብዳቤውን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሄድ አለ፤ መዝገብ ቤት ወርዶ ቁጥር እስኪሰጠውና ማኅተም እስኪያርፍበት መቆም አለ። ዲዲ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሄደው ሰው ነው። የባንክና የብድር ዳታቤዝ ግን ማኅተሙን ሳያይ ንቅንቅ አይልም፤ የደንበኛ ገንዘብ ተቀናሽ መሆኑን «ኮሚት» ሲል፣ ማለት ሥራውን አጽድቆ ሲዘጋ፣ መረጃው በእርግጥ ዲስኩ ላይ ማረፉን ያስረግጣል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ እንዳይጠፋ። ዲዲም ቢሆን መጨረሻ ላይ ማኅተም እንዲጠብቅ የሚያደርግ ተጨማሪ ቃል አለው፤ ወጣቱ አላስገባውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ቢያስገባውም ማኅተሙ የሚጠበቀው ከጊጋባይቱ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የእኛን ችግር አያሳይም ነበር።

ወደ ፊዮ የመራኝ የጠፋው ስምንት ቀን ነው። ፕሮግራሟን የጻፈው የሊኑክስን የዲስክ ክፍል ለረጅም ዓመታት የመራው ዴንማርካዊ የንስ አክስቦ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሊኑክስ ውስጥ የገባውን አይኦዩሪንግ የተባለ ፈጣን የዲስክ አሠራርም ያመጣው እሱ ነው። ፊዮን የሠራበት ምክንያት የሁላችንም ምክንያት ነው፤ አንድ ዓይነት የዲስክ ሥራ ለመፈተን ባሰበ ቁጥር አዲስ የሙከራ ፕሮግራም መጻፍ ሰለቸው። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ሥራ ሥሪልኝ» ተብላ የምትታዘዝ አንዲት ፕሮግራም ሠራ። በነፃ ትገኛለች፤ በታወቁት የሊኑክስ ስርጭቶች ሁሉ በአንድ ትዕዛዝ ትጫናለች። ስለመጫኑ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በ2011 ዓ.ም. ፊዮን ገና ስለማመዳት የፋይል ስም በሚገባበት ቦታ የዲስኩን የራሱን ስም ሰጠኋት፤ በውስጡ ያለን ፋይል ሳይሆን መሣሪያውን በቀጥታ። ሥራው ደግሞ የመጻፍ ሙከራ ነበር። ፊዮ ሥራ ላይ የተያያዘ ዲስክ ላይ በቀጥታ ልጻፍ ሲባል ታቆማለች፤ ያ ዲስክ ግን የመጠባበቂያ ቅጂ ያለበት፣ ለጊዜው ያልተያያዘ ዲስክ ነበር። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቀኝ ከመጀመሪያው ሴክተር ጀምራ ደረመሰችው። የስድስት ወር ቅጂ በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ዋናው መረጃ ደኅና ስለነበር ከሥራ አልተባረርኩም፤ ለአንድ ሳምንት ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ለሙከራ ብቻ በከፈትኩት ማኅደር ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ነው የምሠራው። መሣሪያውን በቀጥታ ማንበብ ሲያስፈልገኝም «ሪድኦንሊ» የሚለውን መከላከያ ሳላስገባ አልጀምርም፤ እሱ ካለ ፊዮ በስህተት ጻፊ ብትባል እንኳ እምቢ ትላለች።

ወደ ሰኔያችን ልመለስ። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቢሮው ውስጥ ከእኔና ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። ቀኑን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ፊዮ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ትይዘዋለች፤ በሥራ ሰዓት ብትነሣ እሷ ራሷ «ሲስተም የለም» ታስብላለች።

መጀመሪያ ተከታታይ ንባብ ለካሁ። ቢኤስ፣ ማለት በአንድ ጊዜ የሚነሣው ቁራሽ መጠን፣ 1 ሜጋባይት፤ ዳይሬክት 1፣ ማለት ራሙን ዝለለውና ከዲስኩ ጋር በቀጥታ ተነጋገር። ወደ 500 ሜጋባይት መጣ። ደኅና ነው። ከዚያ በዘፈቀደ ማንበብ፣ ራንድሪድ፣ በ4 ኪሎባይት ቁራሽ፣ አንድ በአንድ። በሰከንድ 138 ጊዜ። ለማያውቀው ሰው አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ6 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል፤ የሚፈለገው ቦታ ሥሩ እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 3 ሚሊ ሰከንድ ይጠበቃል፤ ክንዱ ወደ ቦታው እስኪሄድ 4 ያህል ጨምሩበት። ሰባት ሚሊ ሰከንድ ለአንድ ንባብ፤ በሰከንድ 143 ማለት ነው። የእኔ 138 ከዚያ ብዙም አልራቀም። ዲስኮቹ ጤነኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ይቀለኛል። «ወጣቱ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ ለራሴ። ጥበቃው ሻይ ይዘውልኝ ገቡ፤ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አሉኝ። «ጋሽዬ፣ በሽታ አጣሁለት» አልኳቸው። «ሐኪም ቤት ወስደህ የማያመውን ቦታ ብታሳይ ምን ያገኙልሃል?» ብለው ወጡ። ጥበቃው ስለ ዲስክ የሚያውቁት የለም፤ ነገሩ ግን እሱ ነበር። የመዝጊያው ሥራ ምን እንደሆነ አንድም ጊዜ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀውን ሙከራ ነበር የምደጋግመው።

በዚያው ሌሊት መዝጊያው ሲነሣ አዮስታትን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። አዮስታት የሚለካው እየተሠራ ያለውን ሥራ ነው፤ ራሱ ሥራ አይፈጥርም። ያየሁት እንዲህ ነበር፤ ንባብ የለም ማለት ይቻላል፤ ራሙ በቂ ስለሆነ መረጃው ሁሉ እዚያው አለ። ያለው ጽሕፈት ነው፤ ትንንሽ፣ 8 ኪሎባይት አካባቢ፣ እያንዳንዱ የፊተኛው እስኪያልቅ የሚጠብቅ። ወረፋው ላይ ከአንድ በላይ የሚቆም የለም። ዳታቤዙ የኮሚት መዝገቡን ይጽፋል፣ ማኅተም ይጠብቃል፤ ደግሞ ይጽፋል፣ ደግሞ ይጠብቃል። ጠዋት የለካሁት ንባብ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

በሚቀጥለው እሑድ ፊዮን ያንኑ ሥራ እንድትሠራ አዘዝኳት። አርደብልዩ፣ የሥራው ዓይነት፣ ተከታታይ ጽሕፈት፤ ቢኤስ 8 ኪሎባይት፤ ሳይዝ 1 ጊጋባይት፤ ራንታይም 120 ሰከንድ፣ ከታይምቤዝድ ጋር፣ ፋይሉ ቢያልቅም ጊዜው እስኪሞላ ከመጀመሪያው እንድትቀጥል። ዋናው ቁልፍ ኤፍዳታሲንክ 1 ነው፤ ከእያንዳንዷ ቁራሽ በኋላ ማኅተም ጠብቂ ማለት ነው። ዳይሬክትን ተውኩት፤ ዳታቤዛችን የሚጽፈው በራም በኩል ስለሆነ። ኦቨርራይት የሚለውንም ጨመርኩ። ፖስትግሬስ የኮሚት መዝገብ ፋይሎቹን በ16 ሜጋባይት እየቆረጠ ያረጁትን መልሶ ይጠቀምባቸዋል፤ ፋይል በየጊዜው እየረዘመ ሲሄድ የፋይል ሥርዓቱ የርዝመቱን ለውጥ ጭምር መመዝገብ ስላለበት ማኅተሙ ይበልጥ ይዘገያል፣ ያ ደግሞ የእኛ ሁኔታ አይደለም።

ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ውጤቱ መጣ፤ አይኦፕስ 71፣ ማለት በሰከንድ 71 ጽሕፈት።

ዐይኔ ግን መጀመሪያ ያረፈው ከሥሩ ባለው ክላት በሚለው መስመር ላይ ነበር። ክላት አንድ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ እስኪጠናቀቅ የፈጀው ጊዜ ነው። በአማካይ 12 ማይክሮ ሰከንድ ይላል። አሥራ ሁለት ማይክሮ ሰከንድ! ይህ እጅግ ፈጣን ነው፤ «ዲስኩ ነጻ ወጣ» ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ነበር። ያዳነኝ ተራ ሒሳብ ነው። አንዱ ጽሕፈት 12 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ከፈጀ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ80,000 በላይ መግባት ነበረበት። የገባው 71 ነው። ቀሪው ጊዜ የት ሄደ?

ወደ ታች ስወርድ አገኘሁት። ማኅተም የመጠበቂያው ጊዜ በጽሕፈቱ መስመር ውስጥ አይካተትም፤ ፊዮ ኤፍሲንክና ኤፍዳታሲንክ በሚል ርዕስ ለብቻው ታወጣዋለች። እዚያ አማካዩ 14 ሚሊ ሰከንድ ነበር። ክላት የነገረኝ ደብዳቤው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ለመድረስ የወሰደውን ጊዜ ነው፤ መዝገብ ቤቱ ያለው ከታች ነበር። በእንዲህ ያለ ሙከራ የላይኛውን መስመር ብቻ አይተው የሚያልፉ ሰዎችን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ፤ አንዱ የእኔው አለቃ ነበር። የሲንኩን ክፍል ሳታዩ ውጤቱን አትዝጉት።

14 ሚሊ ሰከንድ በሬይድ 5 ላይ ሊገባን የሚችል ነገር ነው። ትንሽ ቁራሽ ለመጻፍ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው መቆጣጠሪያ ካርድ አሮጌውን መረጃና አሮጌውን የመጠባበቂያ ስሌት ማንበብ፣ ከዚያ አዲሶቹን መጻፍ አለበት፤ አራት ጉዞ። ንባቦቹ ጎን ለጎን ቢሄዱም ጽሕፈቱ ዲስኩ ዞሮ እስኪመለስ ይጠብቃል። 7 ለንባቡ፣ 6 ወይም 7 ለዙሩ። ያው 14 ነው።

አሁን ወደ መዝጊያው። ፖስትግሬስ ስንት ኮሚት እንደተደረገ ይቆጥራል፤ ከመዝጊያው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር አቀናነስኩ። 1.2 ሚሊዮን ገደማ። የመዝጊያው ፕሮግራም 400,000 የሚሆኑ ሒሳቦችን አንድ በአንድ ያዳርሳል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ኮሚት ያደርጋል። (ለምን አንድ ሺሕ ሒሳብ በአንድ ኮሚት አይዘጋም ብዬ ሶፍትዌሩን የሠሩትን ሰዎች ጠይቄ ነበር፤ በሚቀጥለው ስሪት አሉኝ። ስሪቱን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።) 1.2 ሚሊዮንን ለ71 ስታካፍሉት 16,900 ሰከንድ ይመጣል፤ አራት ሰዓት ከ42 ደቂቃ። ለራሱ ለስሌቱ የሚያስፈልገውን 36 ደቂቃ ያህል ጨምሩበት። አምስት ሰዓት ከ18። ሰዓቱ ላይ የነበረው አምስት ሰዓት ከ20 ነው። ወረቀቱን ይዤ ሰኞ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። «እንግዲህ ማሽኑ ነው» አሉኝ። ይቅርታ የሚመስል ነገር ነበረበት።

የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እስከ ሰኔ 2 ድረስ በምን ተአምር ነበር 40 ደቂቃ የሚፈጀው? ዲስኮቹ ያኔም እነዚሁ ናቸው። መልሱ መቆጣጠሪያ ካርዱ ላይ ነበር። ካርዱ የራሱ ትንሽ ራም አለው፤ ራሙን ደግሞ አንዲት ባትሪ ትጠብቀዋለች። ባትሪዋ ጤነኛ ስትሆን ካርዱ መረጃውን ራሱ ጋ ተቀብሎ ወዲያው ማኅተም ይሰጣል፤ መብራት ቢጠፋ ባትሪዋ ራሙን ታቆይለታለች፣ መብራት ሲመጣ ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል። የመዝገብ ቤቱን ማኅተም የያዘ፣ የቆለፈ ሣጥን ያለው ጸሐፊ ማለት ነው። ባትሪዋ ስትሞት ግን ካርዱ ለጥንቃቄ ብሎ ይህን አሠራር ይተወዋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጽሕፈት ዲስኩ ድረስ ሄዶ መመለስ አለበት። ይህን ሲያደርግ አይጮህም፣ አያቆምም፤ ዝም ብሎ ይዘገያል።

የካርዱ አምራች በሚሰጠው ፕሮግራም የክስተት መዝገቡን ከፈትኩ። ሰኔ 3፣ ጠዋት፤ ባትሪው አልቋል፣ የአጻጻፍ ስልቱ ተቀይሯል ይላል። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ እዚያው ተጽፎ ማንም አላነበበውም፤ ማንም ማለት እኔ ነኝ። የባትሪዋ ዕድሜ ያጠረበት ምክንያትም ግልጽ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ ሰርቨሩን ያነሣል፤ ማቀዝቀዣውን ግን አይችልም። ሙቀት ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው።

ባትሪዋን ማግኘት ሌላ ታሪክ ነው። አገር ውስጥ አልነበረችም፤ ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበረ። በመካከሉ ሁለት ምክሮች ደረሱኝ። አንዱ፣ ባትሪ ባይኖርም ካርዱን አስገድደህ በድሮው ስልት እንዲሠራ አድርገው የሚል ነው፤ ይቻላል፣ አንድ ትዕዛዝ ነው። ሌላው፣ ዳታቤዙ ማኅተም እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቅንብር አጥፋው የሚል። ሁለቱም መዝጊያውን በአንድ ሌሊት ወደ 40 ደቂቃ ይመልሱታል። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። መብራት በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ሰፈር፣ የመጠባበቂያ ኃይል ሰጪው እርጅና በያዘው ቢሮ፣ የ400,000 ሰው ሒሳብ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር እብደት ነው። ዳታቤዙ የተጻፈ የመሰለው ግማሽ ሲጠፋበት የሚጎዳው የመጨረሻው ደቂቃ ሥራ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ፋይሎቹ እርስ በርሳቸው ላይስማሙ ይችላሉ።

ያደረግሁት ሌላ ነው። ሁለት ኤስኤስዲ፣ ማለት የሚሽከረከር አካል የሌላቸው በቺፕ የሚሠሩ ዲስኮች፣ ከሱቅ ገዛሁ፤ ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጡትን ዓይነት። ሰርቨሩ ላይ ከመስካቴ በፊት በዚያችው የፊዮ ሙከራ ፈተንኳቸው። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ይላል፤ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው የሳታ ሦስተኛው ትውልድ መስመር ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ለእኔ ግን አይጠቅመኝም። ማኅተም እየጠበቁ ሲጽፉ የሰጡት በሰከንድ 480 ጊዜ ብቻ ነው። ለሰርቨር የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች መብራት ሲጠፋ የጀመሩትን የሚጨርሱበት ኃይል በካፓሲተር ስለሚያስቀምጡ ማኅተሙን ወዲያው መስጠት ይችላሉ፤ የቤቶቹ ያ የላቸውም፣ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ማውረድ አለባቸው። ቢሆንም 480 ከ71 ይሻላል። ሁለቱን አንዱ የአንዱ ግልባጭ አድርጌ አጣመርኳቸው፣ ዳታቤዙን አቁሜ የኮሚት መዝገቡን ብቻ ወደ እነሱ አዛወርኩ። በወረቀት ላይ ያሰላሁት 42 ደቂቃ ለማኅተም፣ 36 ለስሌት፣ በድምሩ አንድ ሰዓት ከ18 ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሰዓት ከ21 ፈጀ። ሰኔ 30ን በዚህ ተሻገርን። ባትሪዋ መስከረም ላይ መጣች፤ ተገጥማ ስለካ 6,300። መዝጊያው 40 ደቂቃ።

እነዚያን ኤስኤስዲዎች ስፈትን ሁለት ነገር ተማርኩ፤ ሌላ ቦታም ይጠቅማሉ። በመጀመሪያው ሙከራ ያለማቋረጥ በትልቅ ቁራሽ ስጽፍባቸው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ካርቶኑ ያለውን ፍጥነት ሰጡኝ፤ ከዚያ ወደ 80 ሜጋባይት ወደቁ። ርካሽ ኤስኤስዲ ከፊሉን ቦታ እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀምበታል፤ መቀበያው ሲሞላ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል። የአሥር ሰከንድ ሙከራ የሚለካው መቀበያውን ነው። ሁለተኛ፣ ምንም ያልተጻፈበትን አዲስ ኤስኤስዲ ለንባብ መፈተን ዋጋ የለውም፤ ባዶ መሆኑን ስለሚያውቅ ቺፑን ሳይነካ ይመልሳል። መጀመሪያ ሙሉውን ጻፉበት፣ ከዚያ አንብቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር አይኦዴፕዝ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ ወረፋ ላይ ይቁም የሚለው። 32 ብለው ያስገቡና ከ1 ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ሲያገኙ ዲስኩን ይሰድባሉ። ሊኑክስ ላይ ፊዮ ሌላ ካልተባለች የምትጠቀመው ፒሲንክ የሚባለውን ሞተር፣ ማለት ጥያቄዎቹን ወደ ዲስኩ የምትልክበትን መንገድ፣ ነው፤ እሱ ደግሞ አንዱ ሳያልቅ ሌላ አይልክም፤ 32 ብትሉት ሺሕ ብትሉት አይሰማም። ሊብኤአይኦ የሚባለውን ሌላ ሞተር መምረጥ አለባችሁ፤ እሱም ዳይሬክት 1 ካልተባለ ወረፋውን ይተወዋል። ውጤቱ ላይ አይኦዴፕዝ በሚለው መስመር ወረፋው በእርግጥ ምን ያህል ጊዜ ስንት ላይ እንደነበር በመቶኛ ይታያል፤ 32 ጠይቃችሁ መቶ በመቶው አንድ ላይ ከሆነ ሙከራው የጠየቃችሁት አይደለም።

አማካይ ቁጥርንም ብዙ አላምነውም። ፊዮ ጊዜዎቹን በመቶኛ ደርድራ ታሳያለች፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ከስንት በታች እንደሆኑ፣ ከሺሁስ። በእኛ በሽተኛ ካርድ ላይ አማካዩ 14 ሚሊ ሰከንድ ሳለ 99ኛው 34 ነበር። ለሌሊት መዝጊያ አማካዩ ይበቃል፤ ድምሩ ነው የሚያስጨንቀን። መስኮት ፊት ለቆመ ደንበኛ ግን የሚታየው ያ 99ኛው ነው።

ከዚያ ሰኔ ወዲህ ያቺን ሙከራ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀምጫታለሁ። በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ እየገባሁ አስነሣታለሁ፤ ውጤቱንም ከቀኑ ጋር በአንድ ደብተር እጽፋለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ እሑድ ጠዋት ስለካ 70 አለኝ። ልቤ ወደቀ። ባትሪዋ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። የክስተት መዝገቡን ስከፍት ካርዱ ባትሪዋን እየፈተነ ነው ይላል፤ አንዳንድ ካርዶች በየጊዜው ባትሪያቸውን ባዶ እስኪሆን አፍስሰው እንደገና ይሞላሉ፣ ምን ያህል እንደምትይዝ ለማወቅ። ያ ሲሆን ለጥቂት ሰዓታት በባትሪ ስለማይተማመኑ ወደ ዘገምተኛው ስልት ይወርዳሉ። የፈተናው ቀጠሮ እንዲህ በዘፈቀደ እንዳይመጣ ከዚያው ፕሮግራም ውስጥ ከመዝጊያው ሰዓት አርቄ ለእሑድ ጠዋት አሰርኩት፤ ጥበቃው ጋር ሄጄ ሻይ ጠጣሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመልሼ ለካሁ። 6,280። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ከነሰዓታቸው ጽፌ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።